ጠበኞቹን አስሮ መቁጠር

ከዋሻ ሚካኤል በላይ፣ የየካ ጫካ ወደ እንጦጦ ጋራ በሚቀጥልበት፣ አምስት እንጨት ለቃሚዎች ነበሩ። ሸክማቸውን አዝለው ወደ ሾላ ገበያ ይወርዳሉ። መንገዷ ጠባብ ናትና ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም፤ መውረድ በሰልፍ ነው። በሰልፍ ሲሆን ደግሞ ኋላ የቀረችውን ጥበቃ ይይዛታል። ሁልጊዜ አንዷ ብቻ ስትያዝ «ኧረ ፍርድ ጎደለ» ተባለና ሰልፉ በየቀኑ እንዲለዋወጥ ተስማሙ።

ስምምነቱ ጥሩ ነበር፤ ሁለት ነገር ባይከተለው። አንደኛ፣ አሮጊቷ ፊት መምራት አለባቸው፤ ድጡ ላይ እግር የሚያርፍበትን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለተኛ፣ ከአራቱ ሁለቱ በአንድ ገመድ ተጣልተዋል። «የኔ ነው»፣ «የኔ ነው»። ተከታትለው ከሄዱ የኋለኛዋ የፊተኛዋን ሸክም ትጎነትላለች፤ የፊተኛዋ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወጥራ ትለቅባታለች።

የአሮጊቷ የልጅ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ማረፊያው ድንጋይ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ሲያዩት፣ «ልጄ፣ ሰልፉ ሳይደገም ለስንት ቀን ይበቃናል?» አሉት።

«ክልከላው ባይኖር 120» አለ። አምስት በአራት፣ በሦስት፣ በሁለት አባዝቶ ነው።

«አራት ወር!» ሴቶቹ ደስ አላቸው።

«አሁን የተከለከለው ይቀነስ። ጠበኞቹ የሚከታተሉበት 48። እማማ ፊት የማይሆኑበት 96።» ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። የእርሳሱን ጫፍ ምላሱ ላይ አስነክቶ እንደገና ቀነሰ።

«ስንት ሆነ?»

«ከዜሮ በታች 24።»

«የሃያ አራት ቀን ዕዳ አለብን በለኛ!» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ። ጠበኞቹም ሳቁ፤ እርስ በርስ ሳይተያዩ ግን።

አሮጊቷ አልሳቁም። ተነሡና የራሳቸውን ሸክም ጎትተው ከመንገዱ ጫፍ አቆሙት። «እኔ እዚህ ነኝ። የማይነቃነቀውን አስቀድመህ አቁመው፤ ከዚያ ስለ እሱ አትጨነቅ። ከኋላዬ ማን ትሁን?»

«ከአራቱ አንዷ።»

«ቀጥሎስ?»

«ከሦስቱ አንዷ፣ ከዚያ ከሁለቱ፤ የመጨረሻዋ ምርጫ የላትም። 24 ነው እማማ።»

ከዚያ ያደረጉት ሁሉንም ዝም አሰኘ። የሁለቱን ጠበኞች ሸክም ጎን ለጎን አጋደሙ። ያንኑ የጠብ ገመድ አነሡ። አንድ ጊዜ አዞሩት፣ ሁለት ጊዜ አዞሩት፣ በእግራቸው ረግጠው ጎተቱት። እንጨቱ ሲጥ አለ። ቋጠሩት።

«ኧረ እማማ! ለማራቅ አልነበረም እንዴ?» አለች አንደኛዋ ጠበኛ።

«ለማራቅ ነው። መጀመሪያ የምትቀራረቡበትን ልወቀው።» ወደ ልጁ ዞሩ። «አሁን ከኋላዬ ስንት ሸክም አለ?»

«ሦስት።»

«ሦስቱ በስንት ይሰለፋሉ?»

«በስድስት።»

የታሰረውን ጥንድ ገልብጠው የፊተኛውን ኋላ አደረጉት። «እንዲህስ ሲሆን?»

«ሌላ ስድስት። የተከለከለው 12 ነው። ከ24 ሲወጣ… 12 ይቀራል።»

«ከልደታ የጀመርን ሚካኤል ላይ ያልቃል በለኛ» አሉ። «ሰንበትና በዓል ሲገባበት ትንሽ ይገፋ ይሆናል እንጂ።» ገመዱን ፈቱ። ለአንዷም አልመለሱ፤ ወገባቸው ላይ ጠመጠሙትና ፊት ሆነው ወረዱ።

የልጁ ጥፋት መቀነሱ አልነበረም። አሮጊቷ ፊት ሳይሆኑ ጠበኞቹም የሚከታተሉበት ሰልፍ 36 ነው። ሁለቱንም ሕግ ስላፈረሰ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ፤ አንድ ሬሳ ሁለት ጊዜ እንደ መቅበር። 36ቱን መልሶ ቢጨምር ኖሮ ዕዳው ጠፍቶ ያው 12 በመጣለት፤ ትንሽ ዙሮ መምጣት ነው እንጂ መንገዱስ መንገድ ነው። ሁለቱን ጸጥተኞች አስቀድሞ ማቆም፣ ለጠበኞቹም ከጸጥተኞቹ ፊት፣ መሐልና ኋላ ያሉትን ሦስት ክፍተቶች ማስመረጥም ይቻላል። ጸጥተኞቹ በ2፣ ጠበኞቹ በ6፤ ያው 12።

ነገሩ በሊቃውንት ዘንድም የታወቀ ነው። እንጦጦ ገና በባሕር ዛፍ ሳይሸፈን፣ በ1891 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካ እንዲህ ያለ ጥያቄ አሳትሞ ነበር፦ ባልና ሚስቶች በክብ ገበታ ዙሪያ፣ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ፣ ማንም ከትዳር ጓደኛው አጠገብ ሳይሆን በስንት መንገድ ይቀመጣሉ? እዚያ የሚለያዩት የተጋቡት ናቸው። የፈረንጅ ነገር።

በማግስቱ በኮተቤ በኩል ስድስተኛ ሴት መጣች። ጉልበቷን ያማታልና ኋላ እንዳትሆን ለመነች።

«አሁንስ ለስንት ቀን ይበቃናል?» አሉት ልጁን።

እርሳሱን ከማውጣቱ በፊት የአሮጊቷን ወገብ አየ።