ጠላ ሻጭ

ጢስ ዓባይን ያየ ተማሪ ሁሉ ስለ ፏፏቴውና ስለ አላታ ድልድይ ያወራችኋል። ድልድዩ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ተሠራ፤ ታሪኩም ተጽፏል። እዚያው ወንዝ ዳር እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ የምትሸጥ ሴትስ? ታሪክ አለሽ ወይ ቢሏት ትስቃለች።

እኔ ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። አያቴ ጠነሰሰች፤ እናቴ ተካች። ሣሩ ስንት ጊዜ ተከደነ፣ ጋኑ ስንት ጊዜ ተሰበረ! ታዲያ «አሮጌው ቤት» የምንለው የቱን ነው? ፏፏቴውም ቢሆን በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የመብራት ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምርና ውኃው ወደዚያ ሲዞር ሳስቶ ነበር፤ ስሙ ግን ያው ነው።

የእኛ ቤት ያቆየው ልማዱን ነው። ክረምት ዓባይ ሲሞላ ታንኳ አይሻገርም። መንገደኛው ሳንቲም ኖረውም አልኖረው መደቡ ላይ ያድራል፤ ሒሳቡ ለመመለሻው ይቆያል። አንዳንዱ አይመለስም።

«ትሸጣለች እኮ! ደንበኛ ማጥመጃ ነው እንጂ ምኑ ደግነት ነው?» አለኝ የዶርም ጓደኛዬ። መሸጥ ብቻውን ደግነትን አያጠፋም ባይ ነኝ። ፈተናው ጥቅምና ሰው ሲለያዩ ነው። ባዶ ኪሱን ለመጣው መንገደኛ እናቴ ጥቅሙን ትታ ሰውየውን ይዛለች።

ግን ሌላም ሰው አለ። የማዳበሪያ ዕዳውን ሳይከፍል ብሩን እኛ ቤት ጠጥቶ የገባ ገበሬ። ሚስቱ የረገመችው የእኛን ደጃፍ ነው። እናቴ «በቃህ፣ ግባ» ያለችው አለ፤ ዝም ብላ የቀዳችለትም አለ። የእኔ ደብተር የተገዛው በዚህኛው ብር ነው። ይህን ሸሽጌ ታሪክ ጻፍኩ ብል ውሸት ይሆናል። የቤቱ ታሪክ የዕድሜው ብዛት ሳይሆን በየምሽቱ «ልቅዳ ወይስ ይብቃው?» ተብሎ የተወሰነው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ስመዘገብ ቅጹ ላይ «የእናት ሥራ» የሚል ነበር። «የቤት እመቤት» ብዬ ሞላሁ። ድልድዩን የጻፉለት ንጉሥ ስላሠራው ነው፤ የእናቴን ቤት ከወረቀት ያስቀረሁት ግን እኔው ነኝ። በእሷ ሥራ እየተማርኩ ስሙን መደበቄ ከገበሬው ብር በምን ይሻላል?

እንግዲህ ርእሱን እዚህ ጻፍኩት። እናንተስ ምን ብላችሁ ሞላችሁ?