ሐኪሜ «ስቴንት ይግባልህ» ቢለኝ

ዳገት ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ጥቂት ቆም ስል ደግሞ የሚለቀኝ ሕመም አለብኝ እንበል። ለወራት እንዲሁ ነው፤ አልባሰም፣ አልተሻለም። የልብ ሐኪሙ አንጂዮግራፊ ሠርቶ ልብን ከሚመግቡት ደም ሥሮች አንዱ በእጅጉ መጥበቡን በምስሉ ላይ ያሳየኛል፤ አስከትሎም ስቴንት እንዲገባልኝ ይመክረኛል። ስቴንት በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ደም ሥር በኩል በቀጭን ቱቦ ተወስዶ የጠበበው ቦታ ላይ የሚዘረጋ፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ መረብ መሰል ትንሽ ብረት ነው። እሺ ልበል ወይስ ቆይ ልበል? ለብዙ ሰው ይህ የሚያከራክር አይመስልም። የጠበበው በዐይን ታይቷል፤ የሚያሰፋውም ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ ይጠብቃል። እኔን የሚያጠራጥረኝ ነገሩ ገና ሳይመረመር ያለቀ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት በምን ምክንያት እሺ እንደምል ለራሴ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

አስቀድሞ የሚሞግተኝ የገዛ ሕሊናዬ ነው። ይህ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ተምሯል፤ እኔ የልብ ምት የተመዘገበበትን ወረቀት እንኳ ማንበብ አልችልም። ታዲያ በምን ዐቅሜ እጠራጠረዋለሁ? ነገሩን ሳብላላው ግን እምነት የምለው ሁለት ሆኖ አገኘዋለሁ። አንደኛው፣ ሐኪሙ ሥራውን ያውቃል፣ ስቴንቱን በትክክል ያስገባል የሚል ነው፤ ይህን አልጠራጠርም። ሁለተኛው፣ በትክክል የገባው ስቴንት እኔ የምፈልገውን ያመጣልኛል የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ በሐኪሙ ችሎታ የሚረጋገጥ አይደለም። የሁለቱን ልዩነት የሕክምና ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚሁ የደረት ሕመም ተብሎ በደረት ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ደም ሥር ይቋጠር ነበር፤ ሐሳቡ ደሙ በዚያ መሄድ ሲያቅተው ወደ ልብ ይዞራል የሚል ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ ሙያቸውን የሚያውቁ ነበሩ፤ ብዙ ሕሙማንም ተሻለን ብለው መሰከሩ። በ1959 እና በ1960 አሜሪካ ውስጥ በታተሙ ሁለት ትንንሽ ጥናቶች ግን ለከፊሎቹ ሕሙማን ደም ሥሩ ሲቋጠር ለቀሩት ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ ተሰፋ፤ የትኛው እንደተደረገለት ሕመምተኛው አያውቅም ነበር። ቆዳው ብቻ የተቀደደለትም እንደ ሌላው ተሻለኝ አለ። ብዙም ሳይቆይ ቀዶ ጥገናው ቀረ።

ከዚህ የምማረው ሐኪሞቹ አታላዮች ነበሩ የሚል አይደለም። ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ነውና ምንም ባይደረግለት እንኳ ብዙ ጊዜ ቀለል ይለዋል፤ ዕረፍቱም፣ ተስፋውም፣ የሰው እንክብካቤውም የየራሳቸው ኃይል አላቸው። ሐኪሙ ደግሞ የሚያየው ያከመውን ሰው ነው፤ ያው ሰው ባይታከም ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማየት አይቻለውም። የቱንም ያህል ቅንና ብልህ ቢሆን ከቆመበት ቦታ የማይታየው ነገር አለ። ያንን የሚያሳየው ተመሳሳይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን አድርጎ ለሌላው ሳያደርጉ ማነጻጸር ነው።

ለስቴንት ይህ ንጽጽር ደጋግሞ ተደርጓል። አንድሪያስ ግሩንትዚግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1977 ዙሪክ ውስጥ የልብን ደም ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ በፊኛ ካሰፋ ወዲህ ዘዴው በዓለም ተስፋፍቷል፤ ስቴንት የታከለበት ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጥርጣሬዬ የማይደርስበትን ቦታ አስቀድሜ ልለይ። ደም ሥሩ በረጋ ደም በድንገት ሲደፈን፣ ሃርት አታክ የምንለው ሲደርስ፣ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ይሄዳል። 23 ጥናቶችንና 7,739 ሕሙማንን አጠቃሎ በ2003 የታተመ ትንተና፣ የረጋውን ደም በሚያሟሟ መድኃኒት ከታከሙት 9 ከመቶ ያህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሞቱ ደም ሥራቸው በፊኛ ከተከፈተላቸው የሞቱት 7 ከመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያ ሰዓት ማመንታት ሕይወት ያስከፍላል፤ እኔም አላመነታም። የያዝኩት ጥያቄ ግን ስለዚያ ሰዓት አይደለም። ስደክም መጥቶ ሳርፍ ስለሚሄድ፣ ለወራት ባለበት ስለቆመ ሕመም ነው። ከሬጅ የተባለው ጥናት እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን 2,287 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ሁሉም ተገቢውን መድኃኒት ያገኛሉ፣ ግማሾቹ በተጨማሪ ደም ሥራቸው ይከፈትላቸዋል። በ2007 ውጤቱ ሲወጣ፣ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ የሞቱት ወይም ሃርት አታክ የደረሰባቸው ደም ሥራቸው ከተከፈተላቸው 19 ከመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 18.5 ከመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ስቴንቱ የአሮጌው ዓይነት ነው፣ ሕሙማኑም ያን ያህል የከፋባቸው አልነበሩም ተብሎ ጥናቱ ተተቸ። ትችቱ ተገቢ ነበር፤ መልስም አገኘ። ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት በ37 አገሮች 5,179 ሰዎችን፣ ልባቸው ላይ መካከለኛ ወይም ከባድ የደም እጥረት መኖሩ በምርመራ የታየባቸውን፣ ከፊሎቹን በአዲሶቹ ስቴንቶች (ለአንዳንዶቹም በቀዶ ጥገና) እያከመ መድኃኒት ብቻ ከተሰጣቸው ጋር አነጻጸረ። በ2020 የታተመው ውጤትም ቢሆን በሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ላይ ልዩነት አላሳየም።

ይህን ልቀበል ስል አእምሮዬ እምቢ ይላል። የጠበበ ነገር ተከፍቶ እንዴት ለውጥ አይመጣም? የልብ ደም ሥር ዝገት እንደያዘው የቤት ቧንቧ ቀስ በቀስ ጠብቦ ጠብቦ የሚደፈን ቢሆን ኖሮ እምቢታዬ ትክክል በሆነ ነበር፤ በጣም የጠበበውን ፈልጎ መክፈት ይበቃ ነበርና። ሃርት አታክ ግን በአብዛኛው የሚመጣው በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ የተከማቸው ስብ ድንገት ሲቀደድና እዚያ ላይ ደም ሲረጋ ነው። የሚቀደደውም ብዙ ጊዜ በምስሉ ላይ ጎልቶ የታየው ጥበት ሳይሆን፣ ደም ሥሩን ብዙም ስላላጠበበ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ክምችት ነው። ስቴንት የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሽታው ያለው ግን በደም ሥሮቹ ሁሉ ውስጥ ነው። እንደ አቶርቫስታቲን ያለው ኮሌስትሮል ቀናሽ ኪኒን፣ አስፕሪን፣ የደም ግፊትን ማስተካከል፣ ሲጋራ መተው፣ እነዚህ ለዐይን የሚማርኩ ባይሆኑም በሁሉም ቦታ ይሠራሉ። ስለዚህ ምስሉ እውነት ነው፤ የሚነግረኝ ግን ሕመሜ ከየት እንደሚነሣ እንጂ ሞቴ በየት በኩል እንደሚመጣ አይደለም።

እንግዲያስ ዕድሜ ባይጨምርልኝ ሕመሜን አያስታግስልኝም ወይ? እዚህ ላይ ማስረጃው ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ ረጋ ብዬ ማየት አለብኝ። ኦርቢታ የተባለው የብሪታንያ ጥናት በ2017 ያደረገው ያንን የ1950ዎቹን ትምህርት ወደ ስቴንት ማምጣት ነበር። 200 ሕሙማን አስቀድሞ ለስድስት ሳምንት መድኃኒታቸው በሚገባ ተስተካከለላቸው። ከዚያ ሁሉም እዚያው ክፍል ገብተው፣ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው፣ ቱቦው ገባላቸው፤ ስቴንት የተደረገላቸው ግን ከፊሎቹ ብቻ ናቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በሩጫ ማሽን ላይ የቆዩበት ጊዜ ሲለካ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት 16.6 ሰከንድ ነበር፤ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ብዙ የልብ ሐኪሞች ተቃወሙ፤ ሕመሙን አስቀድሞ በመድኃኒት ካበረዳችሁት ስቴንቱ ምን ሊያስታግስ ቀረለት አሉ። ይህን ተቃውሞ በቁም ነገር እቀበለዋለሁ፤ ተመራማሪዎቹም ተቀብለውታል። በ2023 በታተመው ሁለተኛው ኦርቢታ 301 ሕሙማን የደረት ሕመም ማስታገሻቸውን እንዲያቆሙ ተደርጎ ጥናቱ ተደገመ። በዚህኛው ስቴንቱ በእርግጥ ሠራ፤ የገባላቸው ሰዎች ሕመማቸው ቀነሰ፣ ለረጅም ጊዜም መንቀሳቀስ ቻሉ። ይሁን እንጂ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚጋጩ አይደሉም። ስቴንት ሕመም ያስታግሳል፤ መድኃኒት ሕመሙን ላበረደለት ሰው ግን የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ኢስኬሚያም ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሕመሙ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚመላለስባቸው ሰዎች ኑሯቸው ሲሻሻል፣ ሕመም ያልነበራቸው ግን ከዚህ በኩል ያገኙት ነገር የለም።

አሁን ጥያቄዬ መልኩን ለወጠ። አንድ በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለደም ሥር ምርመራና ካስፈለገም ስቴንት ለማስገባት የተስማሙ 153 ሕሙማንን ሲጠይቅ 88 ከመቶዎቹ ሃርት አታክን ይከላከልልናል ብለው ያምኑ ነበር፤ የልብ ሐኪሞቹ ግን በአብዛኛው የሚጠብቁት የሕመም መታገስን ነበር። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ሐኪሙ አልዋሸም፣ ሕመምተኛውም ሞኝ አይደለም፤ ሆኖም አንዱ ማስታገሻ ሲሰጥ ሌላው ሕይወት የተቀበለ መስሎት ፈርሟል። ክርክሬ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የሐኪሙ ምክር ስለ ዕድሜዬ ከሆነ እርሱ ከእኔ በእጅጉ ያውቃልና ልደገፈው ይገባል። ስለ ሕመሜ ከሆነ ግን ሕመሙ ምን ያህል እንደሚያሰቃየኝ፣ ምን ሥራ እንዳስተወኝ፣ እሱን ለማቅለል ምን ያህል አደጋና ወጪ ልሸከም እንደምችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዶክተሩን የምጠይቀው «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ አይደለም፤ «ይህ ባይደረግልኝ ምን እሆናለሁ?» ብዬ ነው። የመጀመሪያው ክብሩን ይነካል፤ ሁለተኛው ዕውቀቱን ያወጣዋል።

የጥናት ቁጥር የብዙ ሰው አማካይ ነው፣ ስለ አንተ ስለ አንድ ሰው ምን ይላል የሚለኝ አለ። ልክ ነው፤ ለዚህም ነው ጥናቶቹ ያላካተቷቸውን ሰዎች ማወቅ ያለብኝ። ወደ ግራ ልብ የሚሄደው ዋናው ግንድ ደም ሥር የጠበበባቸው ሰዎች ኢስኬሚያ ውስጥ አልገቡም፤ ለእነርሱ ደም ሥሩን ማስተካከል፣ በተለይ በቀዶ ጥገና፣ ዕድሜ እንደሚያስረዝም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ልባቸው ክፉኛ የደከመ ሰዎችም አልተካተቱም። ስለዚህ ጥበቱ የት ላይ እንደሆነና ልቤ ምን ያህል እንደሚረጭ መጠየቅ ግዴታዬ ነው፤ መልሱ ሙሉ ሐሳቤን ሊገለብጠው ይችላል።

ይበልጥ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከአገሬ ሁኔታ የሚነሣው ነው። በኢትዮጵያ የብዙው ሰው ችግር ሕክምና መብዛቱ ሳይሆን ሕክምና ማጣቱ ወይም ዘግይቶ መድረሱ ነው፤ ጠበሉንም፣ የባህል መድኃኒቱንም ሞክሮ በመጨረሻ የሚመጣ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ጥርጣሬን መስበክ ሰው መግደል አይሆንም? ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከሕክምና የሚሸሽ ጥርጣሬና በሕክምና ውስጥ ሆኖ የሚጠይቅ ጥርጣሬ ተቃራኒዎች ናቸው። ሁለተኛው ቀጠሮውን አያጓድልም፣ ኪኒኑን አያቋርጥም፤ ሕመሙ በዕረፍት ላይ ከመጣ፣ ከጠና ወይም አልለቅ ካለ ያለ ምንም ክርክር በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሮጣል። ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። በጥናቶቹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች መድኃኒታቸው ሳይቋረጥ፣ ክትትል እየተደረገላቸው ነው፤ እኛ ዘንድ መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲንር አንድ ጊዜ ስቴንት አስገብቶ መገላገል አይሻልም ወይ? ቢገላግል ኖሮ እሺ እል ነበር። ነገር ግን ስቴንት የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት መድኃኒቶችን፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልን የመሰሉትን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት አጣምሮ መውሰድ አለበት፤ ያለ ጊዜው ካቋረጠ ብረቱ ላይ ደም ሊረጋና ልቡን ሊያቆም ይችላል። መድኃኒት በማይገኝበት አገር ስቴንት የመድኃኒትን ነገር ይበልጥ ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም።

ውሳኔው የእኔ ብቻ አለመሆኑም አለ። እኛ ዘንድ የሚታመመው ቤተሰብ ነው። ወንድም ቦታ ይሸጣል፣ ውጭ ያለችው እኅት ዶላር ትልካለች፣ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ስለመሄድ ይነገራል፤ ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ «ትንሽ እንቆይ» ማለት ፍቅራቸውን መመለስ ይመስላል። ይህን ፍቅር አላቃልለውም። ሆኖም ያ ገንዘብ ለዓመታት ኪኒን፣ ለክትትል፣ ለልጆች ትምህርት ሊሆን ይችል ነበርና፣ ለምን እንደሚውል በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

እንግዲህ ዋናው ግንድ ካልጠበበ፣ ልቤም ካልደከመ፣ ዶክተሩን መድኃኒቱን በሙሉ መጠን እንዲያስጀምረኝና ለጥቂት ወራት እንዲከታተለኝ እለምነዋለሁ። መጠበቁ ዕድሜዬን እንደማያሳጥረው ማስረጃው ይደግፈኛል፤ የስቴንቱም በር አይዘጋም። ሕመሙ መድኃኒቱን አልፎ ሥራዬን ካስተወኝ ግን ስቴንቱን እቀበላለሁ፤ የሞት አደጋው ከመቶ አንድ እንደማይሞላ፣ የመድማትና ደም ሥር የመጎዳት አደጋ ግን እንዳለው አውቄ። ያን ጊዜም ለቤተሰቤ ዕድሜ ልጨምርበት ነው አልላቸውም፤ ሕመሙ እንዲቀልልኝ መሆኑንና ኪኒኑ ከዚያም በኋላ እንደማይቀር ነግሬያቸው እፈርማለሁ።