የደም ምስጢር የማን ነው?

ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ ያወቀውን ለራሱ ይዞ መቆየት መብቱ እንደ ሆነ ሁላችንም እንስማማለን። ነገር ግን ያ ዕውቀት እኅቶቹ በሚካፈሉት ደም ውስጥ የተገኘ ከሆነስ?

እ.ኤ.አ. በ1990 ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባሉት አሜሪካዊት የሳይንስ ሊቅ፣ በአንዳንድ ቤተሰቦች ዘንድ የሚደጋገመው የጡት ካንሰር በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ካለ ዘረ መል ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። ይኸው ዘረ መል፣ ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 የተባለው፣ በ1994 ተለይቶ ታወቀ፤ ሁለተኛውም በዓመቱ ተከተለ። ተግባራቸው የተሰበረ ዲ.ኤን.ኤ.ን መጠገን ነው። ጉድለቱን የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በበሽታው የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 70 ገደማ ይደርሳል። ብዙዎች እንደሚመስላቸው የደም ምርመራው ካንሰሩን አያሳይም፤ የሚያሳየው የተወረሰውን አደጋ ብቻ ነው። ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአባትም ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱም ልጅ የመተላለፉ ዕድል እኩሌታ ነው።

እንግዲህ ይህን ውጤት የተቀበለች ሴት ለእኅቷ ለመንገር ብታመነታ ክፉ ናት አንልም። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር በሚቆጠርበት አገር፣ «የዚያ ቤት ልጆች» መባል ለሴት ልጆቿ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቀዋለች። እኛም ብንሆን «አባ፣ ለበሽተኛው አይንገሩብን» ተብለን በየአልጋው አጠገብ ስንት ጊዜ ዝም ብለናል! ያን ዝምታችንን ዛሬ በሙሉ ልብ አንደግፈውም።

መርዶ የሚነገረው ሊለወጥ ስለማይችል ነገር ነው፤ ይህ ግን ሊለወጥ ይችላል። እኅቲቱ ብታውቅ ከወጣትነቷ ጀምሮ በቅርብ ክትትል ልትታይ፣ ብትወድም በቀዶ ሕክምና አደጋውን ልትቀንስ ትችላለች። ምርመራው በማይገኝበት ስፍራ እንኳ፣ በጡቷ ላይ ጓጓላ ባገኘች ቀን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። ስለዚህ ዝም ያለችው ሴት የራሷን ምስጢር ብቻ ሳይሆን የእኅቷንም ምርጫ ይዛባታለች ብለን እናምናለን።

ሆኖም እኅቲቱ አለማወቅን ልትመርጥ ትችላለች፤ አንዳንድ ሰው ከሚያስፈራ ዕውቀት ጋር መኖር አይችልም። ስለሆነም አስቀድሞ ውጤቱን ሳይሆን ጥያቄውን ማቅረብ ይሻላል፦ «ስለ ቤተሰባችን ጤና የሰማሁት አለ፤ ልንገርሽ?»

ሴቲቱ እንቢ ብትል፣ ሐኪሙ ራሱ ለእኅቷ መግለጥ ይገባዋልን? በዚህ ላይ እናመነታለን። የአንዷን ምስጢር ያወጣ ሐኪም፣ ሌላዪቱን ደሟን ለመስጠት እንድትፈራ ያደርጋታልና።