የምስክር ወረቀቱ የትናንት፣ አማናው የዛሬ

አንድ ሐኪም ተፈትኖ አልፎ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያ ወረቀት ስለ ዕውቀቱ ሊመሰክርለት ይችላልን? ወይስ የሚመሰክረው ስለተፈተነባት ቀን ብቻ ነው? ውድ አንባቢያን! ይህ የሐኪሞች የውስጥ ጉዳይ መስሎ ሊታየን ይችላል። ነገር ግን ሐኪሙ የሚመረምረው የእናታችንን ወይም የልጃችንን አንጎል ሲሆን ጥያቄው የእኛም ነው፤ የአማናም ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ319 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ931) በባግዳድ አንድ ተራ ሰው በሐኪም ስሕተት መሞቱን የሰማው የዐባሲያው ኸሊፋ አል-ሙቅተዲር፣ ሐኪሙ ሲናን ኢብን ሳቢት ሳይፈትነው ማንም ሰው እንዳያክም አዘዘ። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብኑል ቂፍጢ እንደዘገበው በከተማይቱ ለፈተና የቀረቡት ከ860 በላይ ነበሩ። በዝናቸው የታወቁትና ቤተ መንግሥቱን የሚያገለግሉት ግን ከፈተናው ነፃ ተደረጉ።

ከተፈታኞቹ መካከል መልካም የለበሱ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሲናን አክብሮ አስቀመጣቸውና ከማን እንደተማሩ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ዲናር የተጠቀለለበት ወረቀት ከእጅጌያቸው አውጥተው ፊቱ አኖሩ፤ ማንበብም መጻፍም እንደማይችሉ፣ ነገር ግን የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ እንዳላቸው ገልጸው እንጀራቸውን እንዳይቆርጥባቸው ለመኑት። ሲናን ሳቀና ፈቀደላቸው። ሆኖም ገደብ አበጀላቸው፤ ይኸውም በማያውቁት ነገር በሽተኛን እንዳይደፍሩ፣ ሕመሙ ቀላል ካልሆነ በቀር ደም ማፍሰስንም ሆነ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒትን እንዳያዝዙ ነው። ሽማግሌውም ዕድሜ ልካቸውን ከጣፋጭ ሽሮፕ አልፈው እንደማያውቁ ነገሩት። በማግስቱ አንድ ወጣት ለፈተና መጣ። ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ ከአባቱ መሆኑን ተናገረ፤ አባቱም እኚያው የትናንቱ ሽማግሌ ነበሩ። ሲናን እሱንም በዚያው ገደብ አሰናበተው።

ታሪኩ ፈገግ ያሰኛል፤ ቁም ነገሩ ግን ከባድ ነው። በአንድ ወገን የቤተሰብ ሪዝቅ አለ፤ በሌላው ወገን የበሽተኛ ነፍስ አለች። ሲናን ሁለቱንም ያስታረቀው ሽሮፕ ሰውን ስለማይገድል ነው። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ሥራው እንደ ሽሮፕ ያለ ቀላል ክፍል የሌለው ሐኪምስ እንዴት ይሁን?

የአንጎልን ምስል የሚያነብ ሐኪም እንዲህ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ታካሚ አንጎል በሲቲ ስካን ከታየ ወዲህ፣ ራስ ቅል ሳይከፈት ውስጡን ማየት ተችሏል። ድንገት አንድ ጎኑ የሰነፈበትና አንደበቱ የተሳሰረበት ሰው ወደ ሆስፒታል ቢመጣ፣ ስትሮኩ የመጣው የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ነው ወይስ ደም ፈሶ? ከውጪ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ለመጀመሪያው መዳኛ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ግን መግደያ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ምስሉ ነው፤ ምስሉን የሚያናግረው ደግሞ የሐኪሙ ዓይንና ዕውቀት ነው።

ይህም ዕውቀት ባለበት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ታላቅ ጥናት መድኃኒቱ ሕመሙ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም አሳየ። በ2008 ጊዜው እስከ አራት ሰዓት ተኩል ሊደርስ እንደሚችል ታወቀ። በ2018 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ በምስል ተመርጠው ለሚለዩ ሕሙማን የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ማውጣት እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊጠቅም እንደሚችል አረጋገጡ። እስቲ ልብ በሉ! በ1995 አንደኛ ሆኖ የተመረቀ፣ ከዚያ ወዲህ ግን መጽሐፍ ያልገለጠ ሐኪም፣ በአሥረኛው ሰዓት የደረሰን በሽተኛ ጊዜው አልፏል ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ይህ ሰው አልዋሸም፤ ወረቀቱም ሐሰተኛ አይደለም። ነገር ግን ዕውቀቱ አርጅቷል።

በአሜሪካ የተደረገውን እንመልከት። በ1934 የተቋቋመው የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ቦርድ ለረጅም ዘመን ለራዲዮሎጂ ሐኪሞች ይሰጥ የነበረው የምስክር ወረቀት የዕድሜ ልክ ነበር። ከ1995 ጀምሮ በአንጎልና በነርቭ ምስል ለሠለጠኑ የተለየ የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ለአዳዲስ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች የሚሰጠው ወረቀት በጊዜ የተገደበ ሆነ። ከ2019 ወዲህ በየሳምንቱ ሁለት ጥያቄዎች ይላኩላቸዋል፤ በዓመት 52 መመለስ ይጠበቅባቸዋል። ከ2002 በፊት የዕድሜ ልክ ወረቀት የተቀበሉት ግን መብታቸው ተጠብቆላቸዋል። የባግዳድ ዝነኞች ከፈተና ነፃ እንደሆኑት ማለት ነው!

ይህን አሠራር የሚቃወሙ ሐኪሞች አሉ። ክፍያው ሸክም ነው፣ ጊዜ ይሻማል፣ ጥያቄዎቹም ከዕለት ሥራችን ጋር ሁልጊዜ አይገናኙም ይላሉ። አቤቱታቸው ሊናቅ አይገባም፤ ፈተና የገንዘብ መሰብሰቢያ ከሆነ እሱም ዙልም ነውና። ነገር ግን የፈተናው አኳኋን መታረሙ አንድ ነገር ነው፤ መፈተን ስድብ ነው ማለት ግን ሌላ ነው። ከዚህኛው ጋር አንስማማም።

የሐዲስ ሊቃውንት ምን ያደርጉ እንደነበር እናስታውስ። ታማኝነቱ የተመሰከረለት ዘጋቢ በእርጅናው ዘመን ሐፍዙ ቢታወክበት፣ ከዚያ በፊት ከርሱ የተሰማውን ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማውን ይተዋሉ። በዐጣእ ኢብን አስ-ሳኢብ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰውየውን አልሰደቡትም፤ መልካም ሥራውንም አልካዱም። ምስክርነት ቀን እንዳለው ብቻ ዐወቁ። በሐዲስ ዘገባ ላይ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ በሰው ነፍስ ላይ መጠንቀቅ እንዴት ክብርን መንካት ይባላል? በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚያስተምረውን ሐዲስም አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል።

ወሕይ ይወርድላቸው የነበሩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንኳ ዕውቀት እንዲጨመርላቸው ጌታቸውን እንዲለምኑ በሱረቱ ጣሃ ታዘዋል። ታዲያ ከእኛ መካከል የተማርኩት ይበቃኛል የሚል ማን ነው?

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሐኪም ሆኖ ሲመረቅ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ጨረሰ አትበሉ፤ ጀመረ በሉ እንጂ። በዕረፍቱ ቀን መጽሐፍ ሲያነብ ብታዩት ከቤተሰብ ተለየ ብላችሁ አትውቀሱት፤ የማያውቁት በሽተኛ ሐቅ ነውና የያዘው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም በአደብ ጠይቁ። ይህን ምስል ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ይየው ያላችሁን ሐኪም አትናቁት፤ የሲናንን ገደብ የጠበቀው እሱ ነው።

ወረቀት ግድግዳ ላይ ይቆያል። አማና ግን በየማለዳው አዲስ ነው፤ የምንጠየቀውም ስለርሱ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፤ የማናውቀውን አላውቅም የምንልበትንም ድፍረት ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።