መጠኑን ከመጨመርሽ በፊት

ልጄ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ጡረታ ወጥቼ አትክልት ተራ አካባቢ ብቀመጥም ሙያው አልለቀቀኝምና ስለ ኢንሱሊን አንድ ነገር ልምከርሽ። የሕመምተኛው ስኳር አልወርድ ባለ ቁጥር መጠን ለመጨመር አትቸኩዪ፤ አስቀድመሽ እጁን፣ ቆዳውንና ብልቃጡን እዪ።

ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ወደ ጃን ሜዳ ሳይዛወር፣ ሌሊት ሽንኩርትና ድንች ከመኪና የሚያወርድ አንድ ጎልማሳ ቤቴ መጥቶ ነበር። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ስኳሩ አሻቅቧል። ሸሚዙን አስገልጬ እምብርቱ አጠገብ ብዳብሰው ቆዳው አብጦ ደድሯል። «እዚህ ጋ ስወጋ አያመኝም፣ ሲስተር» አለኝ። በደደረ ቆዳ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚሰርገው እንዳሻው ነው። ቦታ እንዲቀይር ነግሬ ወደ ሐኪሙ መለስኩት፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ ሲወጋ የቀድሞው መጠን ሊበዛበት ይችላልና።

ስለዚህ «ገባህ?» ብለሽ አትለፊው። «አዎ፣ ሲስተር» ይልሻል፣ አክብሮሽ ነው። «እስኪ ፊቴ ተወጋ» በዪውና ዝም ብለሽ እዪ። ወተት መሳዩን ኢንሱሊን ሳይንጥ በመዳፎቹ መካከል ቀስ አድርጎ ያንከባልላል? ሁለቱን ዓይነት የሚቀላቅል ከሆነ ጥርት ያለውን አስቀድሞ ይቀዳል? መርፌውን ከማውጣቱ በፊት እስከ አሥር ይቆጥራል? በሆድ፣ በጭንና በክንድ እያፈራረቀ፣ ካለፈው ቦታ ቢያንስ አንድ ጣት ፈቀቅ ይላል? ብልቃጡ 100 ዩኒት የሚል ከሆነ መርፌውም 100 የሚል ይሁን። በ40 መርፌ ከተቀዳ ሰውየው የሚወስደው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ፊደል ለማይቆጥር ሰው መጠኑ ያለበትን መስመር በፕላስተር ምልክት አድርጊለት። አንድ መርፌ ለሁለት ሰው፣ ባልና ሚስት ቢሆኑም፣ ፈጽሞ አይሁን።

ፍሪጅ የለም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። የተከፈተ ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት። እንደ መተማ ባለ ቆላ ደግሞ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አድርገው መካከሉን በእርጥብ አሸዋ እንዲሞሉ አስተምሪ። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ይጣል።

ከፍ ካለው ይልቅ የሚያስፈራኝ የወረደው ስኳር ነው። ያ ወዛደር ባዶ ሆዱን ኩንታል ሲሸከም ያልበው እንደነበር፣ ገበሬውም ተወግቶ ቁርስ ሳይቀምስ ሞፈር ቢጨብጥ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል። ቤተሰቡ ቡዳ በላው ይል ይሆናል። ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳያፈሱ ወደ አንቺ ያሩጡት። ጾም ሲገባም ከነፍስ አባቱ ጋር ተመካከሪ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ጹም ብላ አታስገድድም፤ ከአንቺ አፍ ይልቅ ከቄሱ አፍ ሲሰማው ይቀበላል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተመሥርቶ ኮሙኒቲ ነርሶችን ከጤና መኮንኖች ጋር ያሠለጥን የነበረው፣ ሕክምናው ሰዉ ወዳለበት እንዲሄድ ነው። ኋላም በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የስኳር ሕሙማንን ነርሶች ራሳቸው ሲከታተሉ፣ ገበሬው ለአንድ ብልቃጥ ብሎ እስከ ከተማ መንከራተቱ ቀለለለት። አደራሽን፣ ልጄ፤ ካርዱ ላይ አዲስ ቁጥር ከመጻፍሽ በፊት ሸሚዙን አስገልጪ።