ያለ ጥፋቱ የተነሳው አዛዥ

በዚህ ጁሙዓ አንድ ጥያቄ ይዘን እንቀመጥ። አንድ ሰው ሥራውን በደንብ እየሠራ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ከኃላፊነቱ ቢነሳ ተበድሏል ወይስ አልተበደለም?

መልሱ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ የሚያውቀውን አንድ ኮሚቴ ያስብ። የመስጂድ ግንባታ ይሁን፣ የመድረሳ፣ የእድር፣ ልዩነት የለውም። ቦታው ገና ባዶ ሜዳ ሳለ ጀምሮ የለፋ ሰብሳቢ አለ። ካርታውን ያስወጣው እሱ ነው። ውጭ አገር ያሉ ለጋሾች ስልክ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ከኮንትራክተሩ ጋር የተከራከረውም፣ ሲሚንቶ ሲጠፋ በየመደብሩ የዞረውም እሱ ነው። ዓመታት አለፉ። ዛሬ እሱ ከታመመ ስብሰባ የለም፤ እሱ ካልፈረመ ክፍያ የለም፤ የመጋዘኑ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሰውየው ሌባ አይደለም፣ አንድ ሳንቲም አልነካም። ታዲያ "በሌላ ይተካ" ብሎ ማን ይናገራል? አንዱ ደፍሮ ተናገረ እንበል። በማግስቱ ሠፈሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ምን አጥፍቶ ነው?"

ይህ ጥያቄ በኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ላይ ተነስቷል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ኻሊድ ራሱ እንዴት አዛዥ እንደሆነ እናስታውስ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሙእታ ጦር ሲልኩ አዛዥነቱን ለዘይድ ኢብን ሓሪሳ ሰጡ። ዘይድ ቢወድቅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ፣ ጃዕፈር ቢወድቅ ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓ እንዲተካ ጦሩ ከመነሳቱ በፊት ተናገሩ። ጃዕፈር ለእኛ ለሐበሾች እንግዳ አይደለም፤ በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ስደተኞቹ የተናገረው እሱ ነው። ሦስቱም በተራ ወደቁ። ያኔ ሠራዊቱ ከሰለመ ገና ወራት ብቻ የሆነውን ኻሊድን መረጠ፤ እሱም ጦሩን ከመጥፋት አትርፎ መለሰው። ሠራዊቱ አራተኛ አዛዥ ለመምረጥ ያልተደናገረው "እገሌ ባይኖርስ?" የሚለውን ጥያቄ ገና ከመዲና ሲወጣ ስለሰማው ይመስለኛል። እኛ ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንደ ሟርት እንቆጥረዋለን። ሰብሳቢው ባለበት "እርስዎ ባይኖሩስ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የኻሊድ ስም ከድል ጋር ተጣበቀ። በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (634) ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሲሆን ግን ኻሊድን በሻም ከነበረው የበላይ አዛዥነት አንስቶ አቡ ዑበይዳን ሾመ። ኻሊድ አኩርፎ ወደ ቤቱ አልሄደም። ትናንት ሲያዘው በነበረው ሰው ሥር ሆኖ ቀጠለ፤ በ636 በየርሙክ የተዋጋው የበላይ አዛዥ ሆኖ አይደለም። አቡ ዑበይዳም የሚደነቅ ነው። ወንበሩን ካገኘ በኋላ የቀድሞውን አዛዥ ጥግ አላስያዘውም፣ ችሎታውን ተጠቀመበት። አዲስ የተሾመ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው የቀድሞውን ሰው ሥራ ማጣጣል በሆነበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ኻሊድ ለአል-አሽዓስ ኢብን ቀይስ አሥር ሺህ ዲርሃም መስጠቱ ተሰማ። የታሪክ መዛግብት እንደሚነግሩን በሕዝብ ፊት ቆሞ "ከራስህ ነው ወይስ ከሕዝብ ገንዘብ?" ተብሎ ተጠየቀ፤ ቆቡን አውልቆ በጥምጥሙ ያሰረው ቢላል (ረ.ዐ) ነበር። ኻሊድ "ከራሴ ነው" ሲል ቢላል ፈታው፣ ቆቡንም በገዛ እጁ መልሶ አደረገለት። ዑመርም ወደየግዛቱ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ኻሊድን ያነሳሁት ተቆጥቼበት ወይም ክዶ አይደለም፤ ሰዎች በእሱ ስለተማረኩ፣ ድሉን የሚሰጠው አላህ መሆኑን እንዲያውቁ ብዬ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ይከብዳልና። ዑመር የጠቀሰው ምክንያት የኻሊድን ልብ ሳይሆን የሰዎችን ልብ የሚመለከት ነው። በሌሎች ድክመት አንድ ሰው እንዴት ዋጋ ይከፍላል? ይህ ፍትሕ ነው?

እኔ እንደሚገባኝ መልሱ ያለው ሁለት ነገሮችን በመለየት ላይ ነው። ወንበሩ የኻሊድ አልነበረም፤ አማና ነው። አማናን ባለቤቱ ሲጠይቅ መመለስ እንጂ "ምን አጠፋሁ?" ብሎ መያዝ የለም። ስሙ ግን የኻሊድ ነው። ስሙን ማንም አልሰጠውም፣ ማንም ሊወስድበት አይችልም። ዑመር ወንበሩን ወሰደ፣ ስሙን ግን በደብዳቤ አስጠበቀ። ሥልጣኑን ሲወስድ ዝም ቢል ኖሮ፣ ያኔ ዙልም ይሆን ነበር።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ኩፋን የመሠረተ ሰው ነው። ነዋሪዎቹ ሶላቱን እንኳ ሳይቀር እየነቀፉ ከሰሱት። ዑመር አነሳው፣ በየመስጂዱ እየዞሩ ስለ እሱ የሚጠይቁ ሰዎችም ላከ። ዓመታት አልፈው በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር ተወግቶ ሞቱን ሲጠብቅ ኸሊፋ ከመካከላቸው እንዲመረጥ ከሰየማቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ይኸው ሰዕድ ነበር። እሱ ካልተመረጠም የሚመረጠው ሰው በሰዕድ እንዲታገዝ አደራ አለ፤ ያነሳሁት ስላቃተው ወይም ስለከዳ አይደለም ሲል። ሞት አልጋ ላይ ሆኖ የሰው ስም ማጽዳት! ልጁን ዐብዱላህን ግን በምክክሩ ይገኝ እንጂ ሥልጣን እንዳይኖረው አዘዘ። ይህን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። ቅናት ያደረበት ሁሉ "ዑመርም ኻሊድን አንስቷል" ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንዲህ የሚለው ሰው መጀመሪያ በራሱና በቤተሰቡ ላይ ምን እንደከለከለ ይንገረን።

እኛ ዘንድ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ሰው ያለ ጥፋት ሊነሳ እንደሚችል ስለማናምን፣ ማንሳት ስንፈልግ ጥፋት እንፈልግለታለን። የድሮ ደረሰኝ ይቆፈራል፣ ሹክሹክታ ይጀመራል፣ ጀመዓው ለሁለት ይከፈላል። አሥር ዓመት የለፋ ሰው ከሥራው ሳይሆን ከክብሩ ይባረራል። ይህን ያየ ሌላ ሰብሳቢ ምን ይማራል? መውረድ ማለት መዋረድ እንደሆነ ይማራል። ስለዚህ ወንበሩን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ሥልጣን ወዶ ላይሆን ይችላል፣ ስሙን ፈርቶ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥም "ለውጥ" እና "ድልድል" የሚባሉ ቃላት ሲሰሙ ሠራተኛው የሚደነግጠው አዲስ አሠራር ስለሚጠላ ብቻ አይመስለኝም። ከዚህ በፊት በድልድል የተነሱት ሰዎች ምን እንደተባሉ ስለሚያስታውስ ነው።

እናም ወንድሜ፣ እህቴ፣ የኮሚቴ አባል ከሆናችሁ ጥቂት የምትሠሩት አለ። የአገልግሎት ዘመን ገና ሰው ሳይመረጥ ይወሰን፤ ያኔ ማንም በማንም ላይ የተነሳ አይመስለውም። ሒሳቡ በየዓመቱ ኦዲት ይደረግ፤ ኦዲት የሚያስፈልገው ለሌባ ነው የሚል ወሬ አለ፣ እኔ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ለታማኙ ሰው ነው እላለሁ። ቢላል መልሶ ያደረገው ቆብ ያ ነው። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፦ ቁልፉ፣ የባንክ ፊርማው፣ ውሉ፣ የለጋሾቹ ስልክ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ኮሚቴ የሚረሳው ነገር አለ። ሰውየው ለምን እንደተተካና ሒሳቡ ንጹሕ እንደሆነ፣ እሱ ባለበት፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው ጮክ ብሎ ይነገር። በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ አይቅር።

ተራው ደርሶባችሁ የምትነሱት እናንተ ከሆናችሁስ? ኻሊድ በ21ኛው ዓመተ ሂጅራ (642) በአልጋው ላይ ሞተ። የጦር መሣሪያውን በአላህ መንገድ አውሎት ነበር። ኑዛዜውን እንዲያስፈጽምለት አደራ የሰጠው ደግሞ ለዑመር እንደነበር ተዘግቧል።