ኃያልና የረገጠው ሐዲድ

ኃያል የሚባለው ብዙ የሚያነሣው ነው ወይስ ብዙ አንሥቶ የረገጠውን የማይሰብረው? ስለ ነገሥታት ጠባይ ሲነገር የሚነሣው ይህ ጥያቄ ለግዑዝ ብረትም የሚገባ መሆኑን፣ ኤ.ዲ. 60 የተባሉት የአውስትራሊያ የጭነት ባቡሮች ታሪክ ያስረዳናል።

ኸርበርት ዊሊያም ጋራት የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ ለኒው ሳውዝ ዌልስ ምድር ባቡር በለንደን ዕቃ መርማሪ ሆኖ ሲያገለግል ሳለ፣ አንድ እንፋሎት የሚያመነጭ ቦይለር ሁለት ሞተር የሚያንቀሳቅስበትን ሥርዐት አስቦ በ1907 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ጠየቀ። በዚህ ሥርዐት የተሠራው የመጀመሪያው ባቡር በ1909 ለታዝማኒያ ተሰናዳ፤ እርሱ ግን በ1913 ዐረፈ። ሙሴ ወደ ምድረ ርስት ባይገባም ከናባው ራስ ላይ ሆኖ አይቷታል፤ ጋራት ግን ያው ያገለገለው መሥሪያ ቤት በዚሁ ሥርዐት አሠርቶ በ1952 ሥራ ማስያዝ የጀመራቸውን ታላላቅ የኤ.ዲ. 60 ባቡሮች ከሩቅ እንኳ አላያቸውም።

በማንቸስተሩ የቤየር ፒኮክ ፋብሪካ ተሠርተው ለአገልግሎት የበቁት 42 ሲሆኑ፣ የአንዱ ክብደት ከ250 ቶን በላይ፣ ርዝመቱም 33 ሜትር ያህል ነበር። ይህ ሁሉ ክብደት በጥቂት መንኮራኩሮች ላይ ቢያርፍ ቀጭኑን የገጠር ሐዲድ ባጎበጠው ነበር፤ ነገር ግን ቦይለሩ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሞተሮች መካከል እንደ ድልድይ ስለ ተዘረጋ፣ ሸክሙም ለ16 ዘንጎች ስለ ተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ዘንግ የሚደርሰው 16 ቶን ያህል ብቻ ሆነ። ኩርባ ላይ ሲደርስም ሁለቱ ሞተሮች የሐዲዱን መንገድ ተከትለው ይታጠፋሉ፤ ቦይለሩም በመካከላቸው እንደ ቀስት አውታር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ምሳሌ በብረት ተጽፎ ቢገኝ ከዚህ የተለየ መልክ አይኖረውም።

እርግጥ፣ ፈቃድ የሌለውን ፍጥረት ትሑት ነው ማለት አይቻልም። ትሕትናው የሠሪው ነው፤ ሠሪው ሥራውን የጀመረው ከገዛ ምኞቱ ሳይሆን ከደካማው ሐዲድ ዐቅም ነውና። ኋላ ግን ከባቡሮቹ አንዳንዶቹ ይበልጥ እንዲጎትቱ ሲባል ሲሊንደራቸው ሰፋ፣ የዘንጋቸውም ክብደት ወደ 18 ቶን ከፍ አለ። ይህን በደል ነው ብለን አንኮንነውም፤ ከባዱን የከሰል ፉርጎ የሚስብ ጉልበት ያስፈልግ ነበርና። ሆኖም በሁለት ቶን ጭማሪ የተገኘው ብርታት፣ ከ16 ቶን በላይ ለማይችለው ሐዲድ እንግዳ አደረጋቸው። ሰውም ሀብትና ሥልጣን ሲጨመርለት፣ ቀድሞ ይገባበት የነበረው ደጅ ዛሬ ይሸከመው እንደ ሆነ ኅሊናውን መጠየቅ ይገባዋል።

ናፍጣው ባቡር እንፋሎቱን ሲተካ፣ ቁጥር 6042 በ1973 የዚያ ምድር ባቡር የመጨረሻው የእንፋሎት አገልጋይ ሆኖ ተሰናበተ። ኃያሉ ዐለፈ፤ ሳይሰብረው የተመላለሰበት ሐዲድ ግን ከእርሱ በኋላ ለመጣው መንገድ ሆኖ ቀረ።